የሐዋ ፋይል በኦክታቭ ሲከፈት

ሰኞ፣ ሰኔ 2፤ ጠዋት 3፡00

ማትላብ ዛሬም እምቢ አለ። ፈቃድህ አልቋል ይለኛል። የምን ፈቃድ! ከጎንደር ወደ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ በፍላሽ ይዤው የመጣሁት የስሌት ፕሮግራም፣ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ነው። ሦስት ዓመት አስተማርኩበት። ለተማሪዎቼም አደልኩ፣ እንደ ቸር ሰው። ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ ማስታወሻዬ።

ነገ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ትምህርት አለኝ። ያለው አማራጭ ነፃው ኦክታቭ ነው። ክፍል ውስጥ "የድሃ ማትላብ" ብዬ የቀለድኩበት። ያን ቀን ሁሉም ሳቀ፣ ከተማሪዬ ከሐዋ በቀር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3፤ 5፡30

ኦክታቭ ተጫነ። የማውቀው ትእዛዝ አብዛኛው ያው ነው። ደስ አለኝ። መሞከሪያ ፈለግኩና የሐዋን ፋይል ከፈትኩ።

ሐዋ የበርታ ልጅ ናት፤ አባቷ አሶሳ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። ፍላሹን ስሰጣት አልተቀበለችም። "መምህር፣ ይሄ ሰው የሚሸጠው ነው። እኛ አልገዛንም። ሐራም ነው" አለችኝ። ሳቅሁባት። ፕሮጀክቷን በኦክታቭ ሠራች፦ የሰፈሯ የውሃ ታንከር በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ የሚያሰላ። በኔ ማትላብ ስከፍተው ቀይ ጽሑፍ ብቻ አወጣ። አይሠራም ብዬ ዜሮ ሰጠሁ። ኮርሱ ኤፍ ሆነ። ዘንድሮ አትመረቅም።

ዛሬ ሠራ። በመጀመሪያው ሙከራ። ለካ ኦክታቭ የሚቀበለውን አንዳንድ አጻጻፍ ማትላብ አይቀበልም። ጥፋቷ ይኸው ነበር። በየመስመሩ ማብራሪያ ጽፋልኛለች፦ "መምህር፣ እዚህ ሰዓቱን ቀየርኩ። ማታ ሰው ውሃ አይቀዳም።" አንዱንም አላነበብኩም ነበር።

አፈርኩ። ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ማንም አያውቅም። ዝም ብል ያልፋል። ይህን ማሰቤ ራሱ አስጠላኝ።

የት/ክፍል ኃላፊውን ጠየቅሁ። የውጤት ማረሚያ ቅጽ አለ፤ እስከ ዓርብ ብቻ። ምክንያቱን የመደመር ስህተት በለው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው አለኝ። ጻፍኩ። ቀለል አለኝ። ከቢሮው ስወጣ መልሶ ከበደኝ። የመደመር ስህተት ካልኩ እኔ ንጹሕ ነኝ፣ ፍላሼም ንጹሕ። የሚመጣው ዓመት ሌላ ልጅ በኦክታቭ ሠርታ ትወድቃለች።

ቅጹን ቀደድኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5፤ 10፡00

ዝናብ። ገበያ ሄድኩ። ሐዋ በአባቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ትለካለች። አባቷ ወንበር አቀረቡልኝ፤ ይሄ ባሰብኝ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣ በወደድኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦

"መምህር፣ የጻፍኩትን አነበቡት?"

ገና ማክሰኞ ነው ያነበብኩት አልኳት። ዝቅ ብላ መለካቷን ቀጠለች።

ዓርብ፣ ሰኔ 6፤ ጠዋት 2፡45

አዲስ ቅጽ ወሰድኩ። ላብራቶሪውን በሙሉ ወደ ኦክታቭ ለማዞርም ማመልከቻ ጻፍኩ። ኃላፊው ሥራህን አስብ አለኝ። አሰብኩት። እፈራለሁ።

ቅጹ ላይ ለምክንያት የተተወው አንድ መስመር ነው። "የተማሪዋ ሥራ ትክክል ነበር፤ በተሰረቀ ፕሮግራም ከፍቼ፣ ሳላነብ ጣልኳት" ብዬ ስጽፍ መስመሩ አለቀ። ፍላሹስ? ከሷ በፊት የጣልኳቸውስ? ወረቀቱን ገልብጬ ከጀርባው ቀጠልኩ።