ሰዓት አይደለችም ስለተባለችው ሰዓት

ለዕቃዎች ምደባና ቀረጥ አወሳሰን ክፍል ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሰዓት፣ ሰዓት እንድትባል ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ፣ ወንበርዎ እንደምን ከረመ፣ በተለይም ዓይንዎ እንዴት ነው እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አክብሮቴን አቀርባለሁ። ዓይንዎን ለይቼ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እየቆዩ ይደርሱበታል። እኔ በደጅዎ ሰባት ወር ቆሜያለሁና እርስዎም በወረቀቴ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቢቆሙልኝ እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። በጫማ መሸጫውና በፎቶ ቤቱ መሀል ባለችው፣ አንድ ደንበኛ ሲገባ ሌላው መውጣት በሚገባው ሱቅ ውስጥ፣ አጉሊ መነጽር ዓይኔ ላይ ሰክቼ የሰው ሰዓት ስጠግን ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ሙያውን ያስያዘችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ እታለም ነው የምላት። በልብስ ስፌት አሳድጋኛለች፤ የመጀመሪያዋን ወረንጦ የገዛችልኝም እሷ ናት። ያን ሁሉ ዘመን መርፌ ቀዳዳ ላይ ያፈጠጠው ዓይኗ ዛሬ ከድቷታል። ቀኙ ከሦስት ዓመት በፊት ጠፋ። ግራው ግን ከነጭላንጭሉ ቀርቶልን ነበር፤ እሱንም ለማቆየት ሐኪሙ ሦስት ዓይነት ጠብታ አዘዘላትና «ሰዓቱን እንዳታሳልፊ፤ አንዴ የሄደውን ብርሃን እኔም አልመልሰውም» አላት።

ብልቃጦቹን በመዳሰስ እንድትለያቸው በአንደኛው ላይ አንድ፣ በሁለተኛው ላይ ሁለት፣ በሦስተኛው ላይ ሦስት ላስቲክ አሰርኩላት። የቀረው ሰዓቱን ማወቅ ብቻ ነበር። የሰዓት ሠሪ እህት ሰዓት አጣች ቢባል ማን ያምናል? የሚደውል ሰዓት ሰጠኋት፤ ደውሉ ግን ይጮኻል እንጂ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይነግራትምና ባለ አንድ ላስቲኩን ከባለ ሦስቱ ታምታታ ጀመር። በስልክ ላስታውሳት ሞከርኩ፤ መስመሩ አንድ ቀን ሲሠራ ሁለት ቀን ይጠፋል። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ እኛ ቤት ግቢ ስንላትም «እጄ እስከሠራ ድረስ የሰው ቤት አልሞላም» ብላ በዳሰሳ ሹራቧን ትሠራለች። እንግዲያው ከውጭ አገር ስድስት የሚናገሩ የእጅ ሰዓቶች አዘዝኩ፤ አንዷ ለእታለም፣ አምስቱ እንደሷ ላሉ ደንበኞቼ። ቁልፏን ሲጫኗት፣ ደግሞም ሰዓት በሞላ ቁጥር ማንም ሳይነካት፣ በሴት ድምፅ ሰዓቱን ትናገራለች። ዕቃዬን ከጉምሩክ የሚያስፈጽምልኝ ትራንዚተርም በዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም በዕቃ ማስታወቂያው ቅጽ ላይ፣ «የኤሌክትሮኒክ የእጅ ሰዓት፣ ብዛት ስድስት» ብሎ ሞላ። የዋህ ሰው ነው፤ ያየውን ጻፈ።

ከዚህ በኋላ ክፍልዎ ለዋለልኝ ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሳላውቀው የኖርኩትን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። የሰባት ቁጥር መስኮት ሠራተኛ ቁልፏን ተጭነው ሰዓቷ ስትናገር ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ሲረጋጉም ሰዓት ትታያለች እንጂ አትናገርም በማለት «ድምፅ አሰሚ መሣሪያ» ብለው መደቧት። ሁለተኛው መርማሪ፣ የምትናገር ከሆነ ከአንድ ሰው ጋር እየተነጋገረች ይሆናል ብለው «የመገናኛ መሣሪያ» አደረጓት፤ እኔም ፈቃድ ፍለጋ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄድኩና ይህች ዕቃ ከማንም ጋር እንደማትገናኝ የሚመሰክር ደብዳቤ ከአምስት ሳምንት ምልልስ በኋላ ይዤ መጣሁ። ሦስተኛው ደግሞ ማሰሪያዋ እንደሚያብለጨልጭ አስተዋሉና «ጌጣጌጥ» ሆነች። አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይኸ ነው፤ ስሟ በዞረ ቁጥር ቀረጡ አንድ ደረጃ ይወጣል እንጂ ወርዶ አላየሁም። ይህ ሲሆን እታለም ገና እጄን ፊቷ ላይ ሳነሳ ጣቶቼን ትቆጥር ነበር፤ ሁለት ሲሆኑ ሦስት ብትልም።

፪ኛ. ለቋንቋ ላሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ሰዓቷ የምትናገረው በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ፣ የምትለው ሁሉ ተተርጉሞ በማኅተም ይቅረብ ተባልኩ። ክቡር ሆይ፣ ይህች ፍጡር የምትለው ሰዓቱን ብቻ ነው። ነገር ግን በቀን ውስጥ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ ደቂቃ አለና አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ ዓረፍተ ነገር ታውቃለች። ፈቃድ ያላቸው አረጋዊ ተርጓሚ መነጽራቸውን አውልቀው ካዩኝ በኋላ «ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ የትኛው ደቂቃ ነው ያሰጋቸው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ምናልባት የሥራ መግቢያው ይሆናል አልኳቸው። አርባ ስምንት ገጽ የሆነውን ትርጉም ማኅተም አስመትቼ ሳስገባ፣ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አንዲት ደቂቃ ተዘላለች ተብሎ ተመለሰልኝ። እውነትም ተዘላ ነበር። ለአንዲት የወረቀት ደቂቃ እንዲህ የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት ባለበት አገር መኖር መታደል ነው፤ እታለም ያን ሳምንት ያሳለፈቻቸውን የጠብታ ሰዓቶች ግን የሚቆጥርላት አልተገኘም።

፫ኛ. ስለ ናሙናዎቹ። በየምርመራው አንድ አንድ ናሙና ይወሰዳል፤ ምርመራው እስኪያልቅም አይመለስም፤ ምርመራው አያልቅም። ስለዚህ ከስድስቱ ሦስቱ መጋዘን ሲቀሩ ሦስቱ ቢሮ ገብተዋል፤ አንደኛዋም በእርስዎ በራስዎ መሳቢያ ውስጥ እንደምትገኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ከበርዎ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከተዘጋው መሳቢያ ውስጥ የዚያች ሴት ድምፅ የቀኑን እኩሌታ አወጀ። ያን ጊዜ መላው ክፍል፣ ከሰባት ቁጥር ሠራተኛ እስከ ጌጣጌጡ መርማሪ፣ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብሎ ሳያይ (እሱ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ብጠየቅ በነጻ እጠግነዋለሁ) ብዕሩን አስቀምጦ ለምሳ ተነሳ። እርስዎም ወጡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ለሠራተኞችዎ «ዛሬስ በሰዓቷ ነች» አሏቸው። ክቡር ሆይ፣ ድምፅ አሰሚ መሣሪያ፣ መገናኛ ወይም ሐብል እንዲህ በአንድ ድምፅ ሠላሳ ሰው ለምሳ ሲያስነሳ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ግን እኔ ማን ነኝ?

፬ኛ. ማን እንደሆንኩ ስለነገሩኝ በልዩ ሁኔታ አመሰግናለሁ። በአምስተኛው ወር ሱቄ ድረስ በሞተር ደብዳቤ መጣልኝ፤ «ለከተማችን አንጋፋ የሰዓት ባለሙያ» ይላል። የቀረበው ዕቃ ሰዓት መሆን አለመሆኑን መርምሬ በሙያዬ እንዳስረዳ ክፍልዎ በትሕትና ይጠይቀኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የራሴኑ ሰዓት ሰዓት ነው ወይ ብለው እኔኑ እየጠየቁኝ መሆኑን ሳውቅ፣ አልዋሽዎትም፣ ዕንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ ከዚያ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ መጣሁ። መርማሪው ፊት ክዳኗን ከፍቼ ባትሪዋን፣ ሰዓቱን የምትለካባትን የኳርትዝ ጠጠር፣ ድምፅ የምታወጣበትን ሰሌዳ አንድ በአንድ አሳየሁና ሰዓት ናት፣ ደግሞም ጥሩ ሰዓት ናት ብዬ ፈረምኩ። መልሱ በሳምንቱ መጣ፦ «አስተያየት ሰጪው የዕቃው ባለቤት ሆኖ ስለተገኘ ውድቅ ተደርጓል።» በምትኬም ሌላው የከተማችን ሰዓት ሠሪ እንዲጠየቅ ታዘዘ። ሌላው ሰዓት ሠሪ እኔ ያስተማርኩት፣ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው ነው፤ ደብዳቤውን ይዞ ወደ እኔው መጣና «ጋሼ፣ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?» አለኝ። ያየኸውን ጻፍ አልኩት። ጻፈ። የሁለታችን ቃል አንድ ዓይነት ስለሆነ ተመሳጥራችኋል ተባልን። በዚያ ሰሞን እታለም ጣት መቁጠሩን ትታ ነበር፤ መስኮቱ የት እንዳለና አምፖሉ መብራት አለመብራቱን ብቻ ትለይ ነበር።

፭ኛ. የመጨረሻው ምስጋናዬ ከሁሉ የከበደ ነው። ትራንዚተሩ፣ ለዓይነ ስውራን መገልገያ የሚሆን ዕቃ ከቀረጥ ነጻ የሚገባበት አንቀጽ አለ ቢለኝ በደስታ እየበረርኩ የሐኪም ማስረጃ አቀረብኩ። ማስረጃው ቀኝ ዓይኗ ፈጽሞ እንደማያይ፣ በግራ ዓይኗ ግን ብርሃንና ጥላ እንደምትለይ ይገልጻል። የሰባት ቁጥር ሠራተኛ አንብበው፣ በክፋት አይደለም፣ ከልባቸው እያዘኑ «እህትህ እኮ ብርሃን ታያለች፤ ተመስገን በል እንጂ!» አሉኝ። ተመስገን አልኩ። አንቀጹ የሚሠራው ሁለቱም ዓይኑ ለጠፋበት ሰው ነውና ማመልከቻዬን መልሰው እየሰጡኝ «ሲሟላ ና» አሉ። መስኮቱን ለቅቄ መንገዱን ከተሻገርኩ በኋላ ነው ምን እንደተባልኩ የገባኝ። ለሌላ ጉዳይ ሲሟላ ና ተብዬ አውቃለሁ፤ ፎቶግራፍ፣ ቴምብር፣ ግልባጭ ጎድሎብኝ አሟልቻለሁ። ይህን ግን እንዴት አድርጌ እንደማሟላ የሚያስረዳ ማስታወቂያ በሰሌዳዎ ላይ አላገኘሁም።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የሳቅሁ ከመሰለዎት ጥርሴ ነው። አንድ ቀን የአንድ ደንበኛ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት በትኜ ስሠራ ለእታለም መደወሉን ረሳሁት። ማምሻውን ቤቷ ስደርስ ባለ ሁለት ላስቲኩን ብልቃጥ በእጇ እንደያዘች፣ አንገቷን ወደ ኋላ እንዳዘነበለች፣ ደውልልሻለሁ ብዬ ስለነበር ተቀምጣ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። አልተቆጣችኝም። «ሥራ በዝቶብህ ነው አይደል የኔ ጌታ?» አለችኝ። የከተማውን ሰዓት ሁሉ እያስተካከልኩ የእህቴን ሰዓት አሳለፍኩ፤ በራሴ አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ። ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ እንደማልጭን ይወቁልኝ፤ ከዚያ ድርሻዬን ወስጄ የቀረውን ነው ለእርስዎ የምመልሰው።

ልመናዬ አጭር ነው። ሐሙስ የሐኪም ቀጠሮ አለን። ስድስቱንም አልልም፤ አንዷን ብቻ፣ ጌጣጌጥም ብለው ቢሆን፣ መገናኛም ብለው ቢሆን፣ በፈለጉት ስም ጠርተው ቀረጧን ጥለው ይልቀቁልኝ፤ እከፍላለሁ። ስሟን እናንተ ዘንድ ትታችሁ ሰዓቷን ለእታለም ስጧት።

በወንበርዎ ያጽናዎት፣ ምሳዎን ያጣፍጥልዎት፣ ዓይንዎን ከጠብታ ብልቃጥ ያርቅልዎት እያልኩ፣ ከመስኮት ሰባት እስከ በርዎ አግዳሚ ያለውን ወለል በእግሬ ያለሰለስኩት፣ በእናንተው ደብዳቤ አንጋፋ፣ በእናንተው ደብዳቤ ውድቅ የሆንኩት፣

ሰዓት ሠሪው

ግልባጭ፦
ለመጋዘኑ ጠባቂ (በየሰዓቱ ሦስት ሴቶች በካርቶን ውስጥ ሲናገሩ ሰምተው ላልደነገጡት ብቸኛ ሠራተኛ)
ለአረጋዊው ተርጓሚ (ለተዘለለችው ደቂቃ ይቅርታ አድርጌያለሁ)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከግልባጮቹ ጋር አሽጌ ሳልልከው ሐሙስ ደረሰ። ሐኪሙ የእጅ ባትሪውን አብርቶ በእታለም ግራ ዓይን ፊት ወዲያና ወዲህ አመላለሰው፤ እሷም ትንሽ ጠብቃ «አበራኸው?» ብላ ጠየቀችው። በመሆኑም በተራ ቁጥር አምስት ጎድሎ የተገኘው የተሟላ መሆኑን እያስታወቅሁ ባለ ማኅተሙን ማስረጃ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሐኪሙ ጠብታው ከእንግዲህ ይቁም ስላለ የብልቃጦቹን ላስቲክ ፈትቻለሁ። እታለም ግን ልማድ ሆኖባት በየመሀሉ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ትላለች። ስልክ ቁጥሯን ከማስረጃው ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ ከምሳ ሲመለሱ መሳቢያዎን ከፍተው የሰዓቷን ቁልፍ ይጫኑና እርስዎ ይንገሯት።