የሱቁ ባትሪና የአባባ ባትሪ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ይዞ የከረመው ሕመም ትንሽ ፋታ ሰጠሽ ወይ? ልጅሽስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም በልልኝ ብላለች። እኔም እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ፤ ሌላ ምን አለ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። የዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም። «ገንዘቡን የላክሁት ለዝግጁ ባትሪ ነበር፤ አንተ ግን ርካሽ ፈልገህ ከውዳቂ ሠራህለት። ለመሆኑ ስንት አተረፍክ?» ብለሽኛል። ቃልሽ አጥንት ይሰብራል። ግን የጻፈው ሐዘንሽ ነው ብዬ ዋጥ አደረግሁት። ብቻ ጥያቄሽ መልስ ይገባዋልና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ገንዘብሽ እንደደረሰ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ነጭ ሣጥን የመሰለ የሊትየም ባትሪ አወጣልኝ። የአባባን የኦክስጅን ማሽን መብራት በሌለበት አራት ሰዓት ያሠራል አለ። ዋስትናውን ብጠይቀው «ዓመት ሙሉ፤ ክዳኑን ከነካህ ግን የለንበትም» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሬዲዮ ክዳን ስከፍት ለኖርኩት! ቢሆንም ልገዛው ቆርጬ ነበር። ያስቀሩኝ አባባ ናቸው።

ዋጋውን ስነግራቸው ቱቦውን ከአፍንጫቸው ፈቀቅ አድርገው «ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ?» አሉኝ። ላድበሰብሰው ሞከርኩ፤ እሳቸውን ማታለል ደግሞ ታውቂዋለሽ። በሰው አገር ሁለት ቦታ እንደምትሠሪ፣ ከሆስፒታሉ ወለል ተነስተሽ የቢሮ መስኮት ልታጸጂ እንደምትሄጂ ነገርኳቸው። «የልጄን ወገብ ሸጬ አልተነፍስም። እኛ እጅ የለንም እንዴ?» አሉ። ሠላሳ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምን ብዬ ልከራከር?

ስሌቱን ካርቶን ላይ አብረን ሠራነው። ከቁራሌው የተሰበሰበ የላፕቶፕ ባትሪ በኪሎ ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ግን ፈልቅቀሽ ውስጡ ያሉትን ትናንሽ ሴሎች ስትለኪ ከአሥሩ ሦስቱ ሬሳ ነው። ከዚያ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው አለ፤ ሴሎቹን የሚያገናኘው ስስ ብረት አለ፤ ብየዳው፣ ቻርጀሩ፣ እሳት የማይበላው ሣጥን አለ። ስንደምረው ከሱቁ ዋጋ ስድሳ በመቶ መጣ። የሚያሠራው ደግሞ ሁለት ሰዓት ብቻ። «አባባ፣ በሰዓት ካሰብነው እኮ የሱቁ ይረክሳል፤ የእኛ ድካም እንኳ አልተቆጠረም» አልኳቸው። ሳቅ አሉና «መብራቱ የሚጠፋው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው፤ የማልተነፍስበትን ሰዓት ለምን እገዛለሁ? ድካም ያልከውን ደግሞ ተወው፣ የእኔን ጊዜ ማን ይገዛዋል?» አሉኝ። የተረፈውን ገንዘብ ፖስታ ውስጥ ከተው አሸጉና ለእሷ ይመለስ አሉ። ይኸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደርሶሻል።

ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እታለም፣ ከአባባ ጋር እንደዚያ ያለ ጊዜ አሳልፌ አላውቅም። ትራስ ተደግፈው፣ ቴስተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው እያንዳንዱን ሴል ይለካሉ፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ይለጥፉበታል። ደካማውን ከደካማ፣ ብርቱውን ከብርቱ አይደለም የሚያስቀምጡት፤ እያመጣጠኑ ነው። «እናታችሁን እንኳ ይህን ያህል መርጬ አላገባኋትም» ይሉና ሳል ይገድላቸዋል። ብየዳዬን አይተው የዶሮ ጭረት ብለው ሁለቴ አስፈቱኝ። ዘጠና ስምንት ሴል ነው። ሥራው ያለቀ ዕለት መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አሳርፈው ቆዩና «የመጨረሻ ሥራዬ ነው፤ አላሳፈረኝም» አሉ።

አላሳፈራቸውምም። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ መብራት ጠፋ፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ ማሽኑ ትንፍሽ ሳይል ቀጠለ።

እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ቀዘቀዙ። የሚለኩት ሴል የለ፣ የሚያርሙት ብየዳ የለ። ባለቤቴ ገላቸውን ስታጥባቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ስለ አንቺ ሲጠይቁኝም «አሁንም ሁለት ቦታ ነው የምትሠራው?» ብቻ ነበር። አዎ እላቸዋለሁ።

ያን ማክሰኞ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። እኔ የጥገና ሱቄ ነበርኩ፣ ባለቤቴም ሥራዋ ላይ። ባትሪው ሳይሠራ በፊት መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉን ጥዬ እሮጥ ነበር። ያን ቀን ግን አልሮጥኩም። የተከፈተ ሬዲዮ ፊቴ ነበር፤ ባትሪው አለ ብዬ ተማመንኩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራቱ መጣ። ለምሳ ስገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። መብራት እያለ ማሽኑ አይሠራም። አባባ ብርድ ልብሳቸውን እስከ ደረታቸው ለብሰው ተኝተዋል። ቱቦው ከፊታቸው ወልቆ፣ ድሮ ሽቦ ሲጠቀልሉ እንደሚያደርጉት ተጠቅልሎ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ለመጣው ሰው ሁሉ ባትሪው ከዳን አልኩ። ለአንቺም ያንኑ ጻፍኩልሽ። ጎረቤታችን ነርሷ ብቻ ቱቦውን አየች፣ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ቱቦውን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቤቱ ባዶ በሆነበት አንድ ከሰዓት፣ ባትሪውን ልፈትሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልነካውም። ለካሁት፤ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ሣጥኑ ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ግን ወደ ታች ወርዶ ጠፍቷል። ማሽኑ ከግድግዳውም ሆነ ከባትሪው ኃይል የሚያገኘው በእሱ በኩል ነው። በቀላሉ የማይነቃነቅ ጠንካራ ዓይነት ነበር፤ ሰው ሳያስበው እንዳይነካው ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱ ስቦት ይሆናል። እኔ እንደዚያ ነው የማስበው፤ አንቺም እንደዚያ አስቢ።

አበራሁትና የግድግዳውን ሶኬት ነቀልኩ። ማሽኑ ባዶ አልጋ አጠገብ መተንፈስ ጀመረ። ላጠፋው አልቻልኩም፤ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሠርቶ በራሱ ጊዜ ቆመ።

እንግዲህ ስንት አተረፍክ ላልሽኝ መልሴ ይኸው ነው። ሰው ከጠየቀሽ፣ ወንድሜ በእጁ የሠራው ባትሪ ጉድ ሠራን በዪ። ለደብዳቤሽም ማስተባበያ አትጻፊ። እኔ ሲያሙኝ ለምጃለሁ፤ ወደ ሱቄ የሚመጣው ሰው ቀነሰ እንጂ አልቀረም። ስለ አባባ ግን ማንም ምንም እንዳይል።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያድስልሽ፤ ልጅሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፤ እኛንም ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ከሁለቱ ሥራ አንዱን ተዪው፤ እባክሽ።

ታናሽ ወንድምሽ