ሳይሰክን አይቀዳም

እህት ዓለም፣

ነገ እዚህ የተላክሁበት ከተማ አዲሶቹ አውቶቡሶች ሥራ ይጀምራሉ፤ ትኬት መቁረጫ ማሽኖቹ ግን እንቢ ብለውኝ ነበር። የዋናውን ማሽን ሲስተም ለሌሎቹ በየሚሞሪ ካርዳቸው ስቀዳ፣ ቅጂው እየተበላሸ ስክሪናቸው ጨልሞ ይቀራል። ካርዱን ሰደብኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች! እንደተናደድኩ ለአውቶቡሶቹ ጋራዥ ኃላፊ ሻይ ስቀዳላቸው ቅጠሉ ሁሉ ብርጭቆው ውስጥ ገባ። «ኧረ መጀመሪያ ይስከን!» ሲሉኝ፣ ቢሯችን ውስጥ ማንቆርቆሪያ ባነሳሁ ቁጥር የምትቆጪኝ አንቺ መጣሽብኝ። ለካ ዋናውን ማሽን ሳላጠፋው፣ ገና የራሱ ካርድ ላይ እየጻፈ ነበር የምቀዳው! አጥፍቼ ብቀዳ ሁሉም ስክሪን ቦግ አለ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። እናቴንም «ልጅዎ ሰክኗል» በያት፤ አታምንሽም እንጂ።