ሦስተኛውን ምዕራፍህን አፍርሼዋለሁ

ሀብቴ፣ አንተ ግትር ሰውዬ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ተዝካርህ ወጥቷል፣ ጥቁሩንም አውልቄያለሁ፤ ሰውም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማናገሩን ትቷል። እኔ ግን አንድ ወሬ በሰማሁ ቁጥር አሁንም መጀመሪያ ላንተ ልንገረው እላለሁ። የዛሬው ደግሞ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ቁጭ ብለህ ስማኝ። ሦስተኛውን ምዕራፍህን አፍርሼዋለሁ። አዎ፣ ያንኑ! ስለ ላይኛው ገበያ የጻፍከውን፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያወጣህ የምታነብለትን።

ቆይ፣ አትቆጣ፤ አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ሰፈራችን ቁስቋም እንዳለች ናት። ውሃው አሁንም በፈረቃ ነው፤ ያ ስንጨቃጨቅበት የነበረው ታንከር ባይኖር ኖሮ አበሳዬን አይ ነበር፤ በእሱስ አንተ ረትተሃል። ኮኩ ዘንድሮ ጉድ እስኪባል አፈራ። ወፍ ሳይጨርሰው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አከፋፈልኩት። ልጃችን ማርታ ሆስፒታል ሥራ ጀምራለች። ታሪክ አጥኚ እያልክ ስትለምናት ኖረህ ነርስ ሆነች፤ አሁን ግን መርፌ ከመውጋቷ በፊት በሽተኛውን ከየት ነው የመጣኸው፣ አያትህስ የየት አገር ሰው ናቸው እያለች ታደርቀዋለች አሉ። ቡናማ ጃኬትህን እሷ ወሰደችው። ሰፍቷት እጇ አይታይም፤ አውልቂው ብላት አትሰማኝም።

ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ያነበው ይሆናልና ለማያውቀን ልናገር። እኔና አንተ እዚሁ ጎንደር፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ የታሪክ ትምህርት ክፍል፣ ፊት ለፊት በሆኑ ሁለት ቢሮዎች ውስጥ አብረን ያረጀን ባልና ሚስት ነን። አንተ የጥንቱን ትወዳለህ፤ እኔ በሕይወት ያለ ሰው የሚያስታውሰውን። ባለቤቶቹ ገና ገበያ የሚወጡበት ነገር ሐሜት እንጂ ታሪክ አይባልም እያልክ ስታበግነኝ ኖርክ። እኔም ያንተዎቹ ነገሥታት መልስ ስለማይሰጡህ ነው የምትደፍራቸው እልህ ነበር። አንተ ሽማግሌ ሰብስበህ ማጠያየቅ ትወዳለህ፣ እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ። ተማሪዎቻችን ስንከራከር ለማየት ሻይ ቤት ድረስ ይከተሉን እንደነበር ታስታውሳለህ? እውነቱን ልንገርህ፣ ከሁሉም ያንን ክርክር ነው የናፈቅሁት። ቤቱ ጭር አለብኝ ሀብቴ። የሚቃወመኝ ሰው አጣሁ።

የመጨረሻ ዓመታትህን የበላው መጽሐፍ ስለ ገበያዎች ነበር። አንደኛው ምዕራፍ በነገሥታቱ ዘመን ስለነበረው የጎንደር ከተማ ገበያ፣ ሁለተኛው ወደ አርማጭሆ ዞሮ ስለ ትክል ድንጋይ ከተማ ገበያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከድብ ባሕር ወጣ ብላ ስላለችው መንደር። የዚያች መንደር ገበያ ድሮ ተራራው አናት ላይ ነበር፤ ዛሬ ታች መኪና መንገዱ ዳር ነው። ለምን ወረደ? ጣሊያን መንገድ ሲያወጣ መንገዱ ስቦ አወረደው ብለህ ጻፍክ። የመጽሐፉ ሁሉ ጉልበት እዚያ ላይ ነው። ማስረጃም ነበረህ። በማኅበራቸው ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥድ ሥር፣ የመንደሩን ሽማግሌዎች ሰብስበህ ጠየቅሃቸውና ሁሉም መንገዱ ነው አሉህ። ጫማህን ሳታወልቅ፣ አንድ ቃል ናቸው! አንድ ቃል! እያልክ ነበር ቤት የገባኸው። እኔ ደግሞ ያን ያህል ሰው አንድ ቃል ሲሆን ደስ አይለኝም አልኩህ። ቀናሽ አልከኝ። ብዙም ሳትቆይ ታመምክ፣ መጽሐፉም ሳይታተም ቀረ።

አንተ ካረፍክ በኋላ የትምህርት ክፍሉ መታሰቢያ ይሆንህ ዘንድ ሊያሳትመው ወሰነ። የኔ ሥራ የፊደል ግድፈት መልቀም ብቻ ነበር። እለቅም ነበርም፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት እየላጥኩ ስልክህን ባልከፍት ኖሮ። የዚያን ቀን ቀረጻ ነበር የከፈትኩት። ለምርምር እንዳይመስልህ፤ ድምፅህን ልሰማ ብዬ ነው።

አያ ይርዳው፣ የመንደሩ ትልቅ ሰው፣ ቀድመው ይናገራሉ። ሌላው እውነታቸውን ነው እያለ ይከተላል። መሐል ላይ አንድ ሰው፣ እኛ ቤት የሚወራው እንኳ፣ ብሎ ይጀምራል። ወዲያው ሳል ይሰማል። የሚስለው ደግሞ አንድ ሰው አይደለም፤ ሁለት ሦስት ሰው ነው። ሰውየው ዝም ይላል፣ አንተም ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፋለህ። መጨረሻ ላይ የቦርሳህ ዚፕ ሲዘጋ ይሰማል። አያ ይርዳው ጠጋ ብለው፣ ልጄ፣ ለብቻህ ደግሞ ብቅ በል፣ ይሉሃል። አንተም ያንን ሳቅህን ለቀኸው፣ እሺ አያ፣ እመጣለሁ፣ ትላለህ። የመሰነባበቻ መስሎህ ነው። እኛ አገር ማን ነው እንግዳ ሲሸኝ ብቅ በል የማይል? እኔም እዚያ ብኖር እንዳንተው ስቄ እሄድ ነበር። ከሳሉ በኋላ ስሰማው ግን የአፍ ግብዣ አልመስልህ አለኝ። ሽንኩርቱን አስቀምጬ ደግሜ ሰማሁት።

ለክፍል ኃላፊያችን ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይወድህም ነበር። ግን ደነገጠ። ራሱ ቆሞ በማይከራከርበት ሰዓት እንዴት ሥራውን ትነኪያለሽ፣ በዚህ ምዕራፍ ላይ ተመርኩዘው የተመረቁ ልጆችም አሉ፣ ሰውስ ሚስቱ ስሙን አፈረሰችው አይልም ወይ አለኝ። ተናደድኩ፤ ማን ሆነና ነው ስለ ስምህ የሚነግረኝ? ቢሮዬ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ፈራሁ። አንድ መጽሐፍ ነው ያለህ። እሱን ካበላሸሁብህ ሌላ የምተካልህ የለኝም። ደግሞ ዝም ብዬ ባሳትመው፣ ነገ አንዱ ጎረምሳ ተራራዋን ወጥቶ ይገለብጥሃል። እኔ ቆሜ አንተን ሌላ ሰው ሊያርምህ? አይሞከርም!

መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት ጠብቄ በጠዋቱ መኪና ተሳፈርኩ። አያ ይርዳውን ከቤታቸው ግድግዳ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ያ ገበያውን ሊጠይቅ የመጣው መምህር ሚስት ነኝ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ ምነው ቀረ ሰውየሽ? ሸጋ ሰው ነበር፤ ብቻውን ይመጣል ብዬ ስጠብቀው ነበር፣ አሉኝ። ማረፍህን አልሰሙም ነበር። ስነግራቸው ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ፣ እኔ እኮ ንቆኝ የቀረ መስሎኝ ተቀይሜው ነበር፣ አሉ። እዚያው አለቀስኩ። ሰው ቤት መጥቼ ነው፣ ይሉኝታም አላገደኝ፤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸውም አይዞሽ አላሉኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። በእሱ ፈንታ እኔ መጥቻለሁ አያ፣ አልኳቸው በመጨረሻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላይኛው ገበያ ላይ፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ በአንድ በሬ ሽያጭ ተጣልተው ሰው ተገድሏል። ገዳዩ የአያ ይርዳው አባት ታላቅ ወንድም ነው። ሁለቱ ወገን ደም ተቃብቶ ገበያው አንዱ ወገን ሌላውን አድብቶ የሚጠብቅበት ሆነ። ሟች የወደቀበትን መሬት ወገኖቹ አንረግጥም አሉ፤ የገዳይ ወገንም ፈርቶ ቀረ። ሽማግሌዎች በስንት ድካም አስታረቋቸውና ገበያውን ከሁለቱም ርስት ውጭ ወደሆነው ታችኛው ሜዳ አወረዱት። ቀሳውስቱም በመስቀል ገዘቷቸው፤ ሁለቱ ወገን በተቀመጠበት ይህን ነገር ያነሳ የተወገዘ ይሁን ተባለ። እንግዲህ አንተ ምን አደረግክ? በማኅበራቸው ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ የገዳዩን የወንድም ልጅና የሟቹን የልጅ ልጅ ጎን ለጎን አስቀምጠህ፣ ገበያው ለምን ወረደ አልክ! ምን ይበሉህ? መንገዱ ነው አሉህ። አንድ ቃልም ሆኑ።

ለብቻዎ ሲሆኑስ መናገሩ ግዝቱን አያስጥስም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። የተገዘተው አንድ ላይ ሆነው እንዳያነሱት ነው፤ ለየብቻ መጥቶ ለሚጠይቅ ሰው መንገር አልተከለከለም አሉኝ። ብታትሚው የሁለቱን ቤት ስም አትጥሪ፣ ከማተምሽም በፊት እነሱንም ጠይቂ ብለው ከዘራቸውን አነሱ። ወደ ሟች ወገኖች ቤት ራሳቸው ይዘውኝ ሄዱ። በሩ ላይ አድርሰውኝ ግን፣ እኔ አልገባም፣ አሉና ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ውስጥ የሟች የልጅ ልጅ፣ ያው ቀረጻው ላይ ጀምሮ ዝም ያለው ሰው፣ ያንኑ ታሪክ ከራሱ ወገን አድርጎ ነገረኝ። ስም ካልተጠራ ይጻፍ አለ። ጣሊያኖቹ መንገድ ሊቀይሱ ሲመጡ ገበያው ታች ወርዶ እንደነበርና የገዛ አያቱ እንቁላል እንደሸጡላቸውም ነገረኝ። ወደ ውጭ ስወጣ አያ ይርዳው ምን አለሽ ብለው አልጠየቁኝም። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና ስለ እህሉ እያወሩ መለሱኝ።

እንግዲህ ሀብቴ፣ መንገዱ አይደለም ገበያውን ያወረደው። ገበያው ነው መንገዱን ያገኘው። ተገልብጠሃል! ግን እንዴት ያለ ምዕራፍ እንደወጣው ብታይ። አንድ መንደር ሰላሙን ለመጠበቅ ገበያውን ያህል ነገር ከተራራ ያወርዳል፣ ከዚያም ለልጅ ልጆቹ የሚነገር ሌላ ምክንያት ያዘጋጃል። ይህ ደግሞ እዚያች መንደር ብቻ የቀረ ላይሆን ይችላል። ስለ ትክል ድንጋይ የጻፍከውን እንደገና ሳነብ እዚያም ሰው አንድ ቃል የሆነበት ቦታ አገኘሁ፤ ዘንድሮ ሁለት ተማሪዎች ልኬያለሁ፣ ቤት ለቤት እየጠየቁ ነው። ጣና ዳር የሚሠራው ጓደኛችንም የራሱን ቀረጻዎች አውጥቶ ሳል ሲፈልግ ሰነበተ። ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ያንተን ሐሳብ ግን አልቀበርኩትም፤ መጀመሪያ ላይ በራስህ አነጋገር አስቀመጥኩትና እንዲህ ብለን ነበር፣ ተሳስተን ነበር አልኩ። ብለን ነው ያልኩት፤ ብቻህን አልሰጠሁህም። ያ ለእንግዳ ሁሉ የምታነበው ጽሑፍህም ሳይጠፋ አለ ማለት ነው። የክፍል ኃላፊያችን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣ ሀብታሙ ይህን ቢያይ ቢሮውን ዘግቶ ያኮርፍና በማግሥቱ ለሁሉም እየዞረ ያነብለት ነበር አለኝ። አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

እንዳልረሳህ ቃል ልግባ ብል ትስቅብኛለህ። ስለዚህ የማደርገውን ልንገርህ። በየዓመቱ የሚገቡትን ተማሪዎች ያንን ቀረጻ አሰማቸዋለሁ። ሳሉን ይሰማሉ፣ ለብቻህ ብቅ በል የሚለውን ይሰማሉ፣ ሳቅህን ይሰማሉ። ማን ነው ሲሉኝ ባሌ ነው፣ ጎበዝ ተመራማሪ ነበር፣ እዚህ ላይ ግን ቸኩሏል እላቸዋለሁ። አያ ይርዳውንም እስካሉ ድረስ እጠይቃቸዋለሁ፤ ብቻዬን። ባለፈው ስሄድ ሰውየሽ አሁን ታርቆኛል ወይ አሉኝ። ታርቋል አያ አልኳቸው፤ አንተን ሳላማክር ነው፣ ይቅር በለኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስንት ጊዜ አብረን እንጻፍ ብዬ ለመንኩህ? ዝናሽ፣ አንድ ቤት ይበቃናል፣ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ከገባን እንፋታለን ትለኝ ነበር። ትናንት የሽፋኑ ናሙና ደረሰኝ። ሁለት ስም አለበት፣ ያንተና የኔ። ያንተ ይቀድማል፤ ሀ ከዝ በፊት ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ እንዳይመስልህ። ማርታ ጃኬትህን እንደለበሰች በእጅጌው የመደርደሪያህን አቧራ ጠረገችና ሽፋኑን አቆመችበት። እኔም ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት።

በል እንግዲህ፣ አሁን ካንቺ ጋር አልጽፍም በለኛ።

ያንተው ዝናሽ