በእጄ ያልሠራሁት ፓስታ

ውድ አማቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው የኔ ህሊና ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ በልጅዎ እጅ የምልከው፣ በስልክ ልንገርዎ ብል ምላሴ እንደሚተሳሰር ስለማውቅ ነው።

ያለፈው እሑድ እኛ ቤት የበሉትን ፓስታ የሠራሁት እኔ አይደለሁም። መንገዱ ጥግ ካለችው ፓስታ ሻጭ ነው የገዛሁት፤ ስጎውንም ጭምር። እርስዎ አርባ ዓመት ሙሉ የሆቴል ወጥ ቤት ያስተዳደሩ ሰው ነዎት፤ እኔ ደግሞ እንቁላል ስቀቅል የማሳርር ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጅዎን ካገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ሰባት ዓመታት «አንተ ሰውዬ» ከማለት በቀር ጠርተውኝ አያውቁም። ያን ቀን ግን ሳህኑን በዳቦ ጠርገው፣ አፍዎን አብሰው «ማነው የሠራው?» ሲሉ ዓይኔን በጨው አጥቤ «እኔው ነኝ» አልኩ።

«ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

ልጄ! ልጅዎ ጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ፤ አልተሰማኝም።

ነገሩ በዚያው ቢቀር ምን ነበረበት? እርስዎ ግን ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው «ቅዳሜ ሽርጤን ይዤ እመጣለሁ፤ ስትሠራ ልይህ» አሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን በየቀኑ ይከብድ ጀመር።

ማክሰኞ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬን አጥቤ ዱቄት ከመርኩበት። መሃሉን ጎድጎድ አድርጌ እንቁላል ስሰብርበት አንዱ ግድቡን ጥሶ አንድ መምህር እንድሰፋለት የሰጠኝን ሱሪ ሊደርስበት ምንም አልቀረው። ሊጡን አሸሁ፣ አሸሁ፤ ክንዴ ዛለ። በመዳመጫ ስዘረጋው ተመልሶ ይሰበሰባል። ጨርቅ ሲሰበሰብ ምን እንደማደርግ ያውቃሉ፤ በካውያ ተኮስኩት። ካውያው እስካሁን አልጸዳም። የተረፈውን በሜትር ለክቼ፣ በመቀስ ቆርጬ ልብስ መስቀያ ላይ ሰቀልኩት። በዚህ መሃል መምህሩ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፓስታ።»

«ሱሪዬስ?»

«ከፓስታው ጀርባ ነው።»

ማታ ስጎውን ሞከርኩ። ሽንኩርቱ አረረ፣ ቲማቲሙ ጥሬውን ቀረ፤ ሁለቱ በአንድ ድስት ውስጥ እንዴት እንደተገናኙ አልገባኝም። ፓስታው የፈላ ውሃ ሲነካው ሙጫ ሆነ። ልጅዎ አንዴ ቀምሳ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለችና ለራሷ ዳቦ ቆረሰች።

ትናንት ጉዴ ሊወጣ ነው ብዬ ወደ ፓስታ ሻጯ ሮጥኩ። «ቅዳሜ ጠዋት በጓሮ በር አቀብይኝ፤ አማቴ እንዳታይ» ብዬ ለመንኳት። የየትኛው ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ እንደነበሩ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እንዴ! እኔን ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው! ስምንት ዓመት ከጎናቸው ሠርቻለሁ። ሰኞ መጥተው ‹ትናንት አማቼ ቤት ያንቺን ፓስታ በላሁ፤ ጨው አሳንሰሻል› ብለው ተቆጥተውኛል።»

ለካ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ አውቀውብኛል! ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ፦ እያወቁ ለምን «ልጄ» አሉኝ? ለፓስታው እንዳልሆነ ተረጋግጧል። እናቴ የሞተችው ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ ከእሷ ወዲህ በዚያ ቃል የጠራኝ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ቃል ናፍቆኝ ነው የዋሸሁት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ነገ ይምጡ። ዱቄቱ አለ፣ እንቁላሉ አለ፣ ካውያውን ደብቄዋለሁ። ከዜሮ ያስተምሩኝ። ቢፈልጉ ይሳደቡ፣ ቢፈልጉ በማማሰያው ይምቱኝ፤ ብቻ ወደ «አንተ ሰውዬ» አይመልሱኝ።

ጨዉ ማነሱን እኔም ያን ዕለት ልብ ብዬው ነበር።

ይሄም ውሸት ነው።

ውሸታሙ ልጅዎ