ለማውስ ፓድ የወጣሁ ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፦

እንዴት ከርመሻል? እንቅልፍሽ እንዴት ነው? የመሥሪያ ቤትሽን ደረጃ ስትወጪ የሚያምሽ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ አማትሽ እንዴት ናቸው? ትንሿ ልጅሽስ የፊት ጥርሷን አበቀለች ወይስ ገና በድዷ ነው የምትስቀው? እናትሽ በጣም ደህና ናት። እኔ ግን እንደ ልማዴ «ደህና ነኝ» ብዬ አልጽፍልሽም፤ ውሸት ጽፎ ቴምብር መለጠፍ አልወድም።

ባለፈው እሁድ ስንጫወት የሆነውን ታስታውሻለሽ። በላክሽልኝ የጨዋታ ኮምፒዩተር፣ አንቺ እዚያ እኔ እዚህ ሆነን፣ አንዳችን ሌላችንን እያደንን ስንታኮስ፣ የተቃጠለው ሕንፃ በር ላይ ብቻሽን አገኘሁሽ። ጥይቴን በሙሉ ግድግዳው ላይ አራገፍሁት። አንቺም ዘወር ብለሽ በአንድ ተኩስ ጣልሽኝና «አባዬ፣ ግድግዳው ምን በደለህ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ከዚያ ጥፋቱ የጠረጴዛዬ መስታወት ነው፣ ማውስ መስታወት ላይ አይረጋም፣ ሄደህ ደህና ማውስ ፓድ ግዛ አልሽኝ። ምክርሽን ስሰማ ቅልል አለኝ። ለምን እንደቀለለኝ ያን ጊዜ ለራሴም አልነገርሁትም።

በማግስቱ ኮምፒዩተር መሸጫው ሄድሁ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩም ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ፤ አፉ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» የምንለውን ታውቂዋለሽ። መንገዱን ሙሉ «ሚስትህ ለበራችሁ ምንጣፍ ግዛ ብላ ጉሮሮዋ ደረቀ፣ አንተ ለማውስ ምንጣፍ ትገዛለህ!» እያለ አላገጠብኝ። ባለሱቋ ሰው የምታከብር፣ ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት። ይኼኛው ልስልስ ነው፣ ማውሱ ይሮጥበታል፤ ያኛው ሻካራ ነው፣ እጅዎን ይይዝልዎታል፤ ለተኩስ ጨዋታ የሚይዘው ይሻላል ብላ አስረዳችኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ስመርጥ የኖርሁ ሰው ሻጭ የሚለውን ሰምቼ አልገዛም። በአውራ ጣቴ አሸሁት። ወደ ብርሃን አዙሬ ሽመናውን አየሁ። ጠርዙ በክር ተዘምዝሞ ነው ወይስ በሙጫ ብቻ ብዬ ጎተትሁት፤ ከሥሩ ያለውን ጎማ አጥፌ ለቀቅሁት። ልጅቷ ሳቋ አመለጣትና «አባባ፣ ሱሪ ሊሰፉበት ነው እንዴ?» አለችኝ። ሽመናው ጠበቅ ያለውን፣ ጠርዙ የተሰፋውን መረጥሁ።

ሳልሞክር እንደማልገዛ ስነግራት በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ አነጠፈችልኝ። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ዒላማ መያዣ ነጥብ አንድ ቦታ ላቆማት ብል አልቆም አለች። እንደ ዝንብ ትርገበገባለች። ሻካራውን አምጪ አልኋት፤ ያው ነው። የማውሱን ፍጥነት ቀነሰችልኝ፤ ያው ነው። ማውሱ ተበላሽቷል አልሁ። ሌላ አዲስ ከካርቶን አውጥታ ሰጠችኝ። ጠረጴዛችሁ ይወዛወዛል አልሁ። ሬዲዮ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፤ ንቅንቅ አይልም። ልጅቷ ቀስ ብላ ማውሱን ከእጄ ወሰደችና ያዘችው። ነጥቧ በምስማር እንደተመታች ቀጥ አለች። ሬዲዮ ዝም ሲል አይተሽ አታውቂም፤ እኔም አይቼ አላውቅም ነበር። ፓዱን ገዝቼ ወጣሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ሬዲዮ የሚያወራው ስለ ብርዱ ብቻ ነበር።

ፓዱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተነጥፏል። ደህና ዕቃ ነው፤ ምንም አላጠፋም።

ልጄ፣ ፈርቻለሁ። አንዲት አስተማሪ ካፖርት እንድሰፋላት ያመጣችልኝ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። በጠመኔ የትከሻውን መስመር ላሰምር ብል መስመሩ የመጋዝ ጥርስ መስሎ ወጣ። አራግፌ ደገምሁት፤ ባሰበት። መቀሱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥሁት። ሴትዮዋ መጥታ ስትጠይቀኝ ጨርቁ ሳይቆረጥ ማረፍ አለበት አልኋት። ያረጀ ኮት እየፈታሁ ኮት መስፋት ራሴን ያስተማርሁ ሰው፣ ለደንበኛ እንዲህ ያለ ቅጥፈት ስናገር የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

አያትሽን አታስታውሺውም። አባቴም የጀመረው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው፤ ቁልፉ ነው የላላው ይል ነበር። ቀጥሎ ምላጭ መያዝ ተወ። በመጨረሻ እኔ ነበርሁ በማንኪያ የማጎርሰው። ሳጎርሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር አፉን የሚከፍትልኝ። ያንን ማንኪያ እፈራለሁ። እናትሽ ይዛው ስትቀርበኝ ይታየኛል።

እሷ ደግሞ ሻይ ስትቀዳልኝ ብርጭቆዬን እስከ ወገቡ ብቻ እያደረገች ነው። የራሷን ጢም አድርጋ ትሞላለች። ትናንት ነው ልብ ያልሁት። ከመቼ ጀምራ እንደሆነ ባስብ ባስብ አልመጣልህ አለኝ፤ ከስክሪኑ ነጥብ ይልቅ ይኼ ነው ያስደነገጠኝ። አልጠየቅኋትም።

ሐኪም ቤት ሂድ ማለትሽ አይቀርም። እኔ ሐኪም ፊት ቀርቤ እጅህን ዘርጋ፣ አፍንጫህን ንካ መባል እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ግን እሄዳለሁ፤ ረቡዕ ጠዋት ነው ቀጠሮዬ። ለእናትሽ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ፤ አንቺ አስቀድመሽ ደውለሽ እንዳትነግሪያት። ሬዲዮ ይህን ደብዳቤ በኮምፒዩተር ልጻፍልህ ብሎኝ እምቢ ብዬዋለሁ። ፊደሌ የት የት እንደተንጋደደ በዓይንሽ እዪው፤ አልደብቅሽም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አዝሻለሁ። እሁድ ስንጫወት እንዳትምሪኝ። በር ላይ ካገኘሽኝ ተኩሺ። አዝነሽልኝ ዒላማሽን ብትስቺ አውቅብሻለሁ፤ ያን ዕለት ኮምፒዩተሩን ነቅዬ ለሬዲዮ እሰጠዋለሁ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ለልፋቱ ዋጋ ያግኝ። አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ፤ ለዓይናቸው ሕመም ምሕረቱን ይላክላቸው። እናትሽ አንድ በአንድ ሁላችሁንም ስማለች። ሬዲዮም ሰላም ብሏል፤ የእሱ ሰላምታ ግን ወረቀት ስለማይበቃው አሳጥሬዋለሁ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝና ልኳን ላኪልኝ፦ ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ቁመቷን። ቀሚስ ልሰፋላት ነው። ለመጪው ዓመት ምን ያህል እንደምታድግ፣ ከዚያም በኋላ ላለው ዓመት እስከ የት እንደምትደርስ በግምትሽ ጨምረሽ ጻፊልኝ። ሁሉንም አሁን እሰፋቸዋለሁ። ቶሎ ላኪልኝ።

አባትሽ

ከልብስ ስፌት ቤቴ፣ መስኮቱ ሥር
ጥር ፲፬ ቀን