ጣሳ የታሰረለት ሞተር

ይድረስ ለቃልዬ፣

ባለሽበት አገር ሁሉ የአማኑኤል ጥላ ከራስሽ አይራቅ። እኔ ግን ተቀይሜሻለሁ። ለሞተር ሥራ ብለሽ የላክሽልኝ ጓንት ነጭ ነው፤ ግራሶ እንዳይነካው እያልኩ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

አንቺ እዚያ ያረጀ የናፍጣ ባቡር ስታድሺ ይሸልሙሻል። እኔ የአያትሽን የወፍጮ ሞተር ስፈታ እናትሽ፣ «አንተ አለሙ፣ እስከ ቅዳሜ ካልተነሣ ለቁራሌው እሰጠዋለሁ፤ በርበሬ የማሰጣበት ቦታ አጣሁ» አለችኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

እንደነገርሽኝ ከናፍጣው መስመር አየሩን አስወጣሁ። ድሮ አያትሽ እንደሚያደርገው፣ ወፍጮው መሥራቱን ለአገሩ ሁሉ እንዲናገር ጭስ ማውጫው ላይ ባዶ ጣሳ አሰርኩ። እጀታውን ሳሽከረክር ተነሣልሽ፤ የመርሳን ከተማ አናጋት። እናትሽ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ጭሱ ነው» አለች።

አደራሽን፣ ለበዓል ነይና የወፍጮውን ድንጋይ አብረን እንግጠምለት። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ።

በር ተንኳኳ፤ ቁራሌው መስሎኝ ነበር። ጎረቤታችን ሀስና ናት፤ ማሽላ በአህያ ጭና መጥታለች። «ጋሽ አለሙ፣ ድምፁን ሰምቼ ነው፤ ወላሂ ዛሬ ከእኔ የሚቀድም የለም» ትላለች።

ድንጋዩ ገና አለመገጠሙን እናትሽ ትንገራት። እኔ ደንበኛዬን ልቀበልበት ነጩን ጓንት ላጥልቅ።

አጎትሽ አለሙ